የእናቴ «ደም ማነስ» የአንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ በሴትና በወንድ ለምን በተለያየ መልክ ይመጣል?

የሽሮሜዳዋ (ክሩን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው፤ አጥሚት ቀምሳ እንቅልፍ ወስዷታል። እስክትነቃ ድረስ በውስጤ የሚመላለሰውን ላውጣው።

እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ድካሟን መጀመሪያ ያየሁት ቡና ስትወቅጥ ነው። ሙቀጫዋን ለማንም አትሰጥም ነበር፤ እኛ ልጆቿ ብንለምናት እንኳ ዘነዘናውን ከእጇ የሚቀበላት አልነበረም። አንድ እሑድ ግን ሦስት አራት ጊዜ ወቀጠችና አቆመች። ዘነዘናውን ሙቀጫው ላይ አጋድማ «ልጄ፣ ቀጥዪልኝ» አለችኝ። ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። እኛም ጾሙ ነው አልን፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዕድሜ ነው አልን።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሄሞግሎቢኗ 8.1 ሆነ። ደም ማነስ ነው ተባለ፤ የብረት እንክብል ታዘዘላት፤ ምስርና ጎመን እንድታዘወትር ተነገራት። በሦስተኛው ወር 9.6 ደረሰና ተደሰትን። እንክብሉ ሲያልቅ ወደ 7.8 ወረደ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ የሆድ ትል ነው ተባለና መድኃኒት ዋጠች። ሦስተኛው ጋ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ተባለ፤ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ወሰደች። የሆድ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ ምንም የለም ተባለ። እንዲህ እያልን 14 ወር አለፈ።

በእነዚያ 14 ወራት «እናት፣ የወር አበባዎ ከቆመ ስንት ዓመት ሆነው?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ደሙ በወር አበባ የማይወጣ ከሆነ፣ ትሉም ከተገደለ፣ ምግቡም ከተስተካከለ፣ ታዲያ የእናቴ ደም በየት በኩል እየሄደ ነው? ይህን ጥያቄ በመጨረሻ ያነሣችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ ቱቦ የሚያይ ምርመራ፣ አዘዘች። እጢው ትንሹ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሆዷ ቀኝ በኩል ተገኘ። እናቴ በዓይኗ አንዲት ጠብታ ደም አይታ አታውቅም። ድርቀት የለ፣ ቁርጠት የለ፣ ተቅማጥ የለ።

ግራ የገባኝ ነገር አለ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ ነው በ47 ዓመቱ ያረፈው። የእሱ ግን ደም ይታይ ነበር፤ ሆዱም ከደረቀ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ በቤታችን የአንጀት ካንሰር ማለት ደም ማየት ማለት ነበር። አንድ በሽታ ሆኖ ሳለ በእሱና በእሷ ላይ እንዲህ የተለያየው ለምንድን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። እናቶቻችሁ «ደም አንሷቸዋል» ተብለው እንክብል የሚውጡ ካሉም እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

ነጭ ጋዋን

እህቴ፣ እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልሽ። በአንጀት መመርመሪያ ክፍል 12 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የእናትሽን ታሪክ ከብዙ ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የሚለያየው የወሩ ብዛት ብቻ ነው።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከሆድ ቀኝ ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሆድን አቋርጦ በግራ ይወርዳል፤ ማብቂያው ፊንጢጣ ነው። የቀኙ ክፍል ሰፊ ነው። ወደ እሱ የሚገባውም ገና ውኃው ያልተመጠጠለት፣ አሁን እናትሽ እንደ ጠጣችው አጥሚት ያለ ቀጭን ነገር ነው። እጢ በዚያ ቢያድግ መንገዱን ቶሎ አይዘጋም፤ ስለዚህ ድርቀትም ቁርጠትም ላይኖር ይችላል። ጠብ ጠብ የሚለው ደም ከዚያ ቀጭን ነገር ጋር ተቀላቅሎ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ሲወጣ አይለይም። የግራው ክፍል ግን ጠባብ ነው፤ ውስጡ ያለውም ጠንክሯል። በዚያ የበቀለ እጢ ቶሎ ያስጨንቃል፣ ያደርቃል፣ ደሙም ከላይ ተቀብቶ በዓይን ይታያል።

የጥያቄሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሴት በቀኝ፣ ሁሉም ወንድ በግራ ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን በቀኝ በኩል የሚነሣው ካንሰር ድርሻ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጣል፤ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች። ወንዶች ደግሞ በግራው ክፍልና በፊንጢጣ ይበረታባቸዋል። በጠቅላላው ቁጥር ወንዶች ይበልጣሉ፤ በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ ታመው ተገኝተዋል፣ ከ900 ሺሕ በላይ ሞተዋል፤ ከሁለቱም ብዙውን ድርሻ የያዙት ወንዶች ናቸው። ይህ ግን ሴቶችን ጎድቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። «የወንዶች በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ሐኪሙም ታማሚዋም ዘንድ ገብቷል። ሴት ሆዷን ስትታመም መጀመሪያ የሚታየው ማሕፀኗና እንቁላል ማምረቻዋ ነው፤ ደም ሲያንሳት የሚወቀሰው የወር አበባዋ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ የአንጀትን ውስጥ አያሳይም። «ምንም የለም» ሲባል አንጀቱም ታይቷል ማለት አይደለም።

ሌላው ደግሞ የፖሊፕ ነገር ነው፤ ፖሊፕ ማለት በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅልና ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እባጭ ነው። እንደ እንጉዳይ ብቅ ያለውን ፖሊፕ ማንም አይስተውም። በቀኝ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ንፍጥ ለብሶ የአንጀቱን ግድግዳ ይመስላል። ከኮሎኖስኮፒ በፊት የሚጠጣውን የአንጀት ማጠቢያ መድኃኒት «ጣዕሙ አስጠላኝ» ብለው ግማሹን ደፍተው የሚመጡ አሉ። ከቀረው ቆሻሻ ሥር ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ለሁሉም የምለው ይህንን ነው፦ በብረት እጥረት ደም ያነሰው ወንድ በማንኛውም ዕድሜ፣ እንዲሁም የወር አበባዋ የቆመ ሴት፣ ከላይ ጨጓራቸው ከታች ትልቁ አንጀታቸው መታየት አለበት። የወር አበባ የምታይ ሴትም ብትሆን እንክብሉን በደንብ ወስዳ ደሟ ካልተመለሰ ወይም ተመልሶ ከወረደ ዝም መባል የለበትም። የብረት እንክብል ዓይነ ምድርን እንደሚያጠቁርም አትርሱ፤ እንክብሉን እየዋጠች ያለች ሴት ጥቁረቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከደም በዓይኗ ልትለየው አትችልም።

የአባይ ዳር ልጅ

እኔ ደግሞ የወንዱን ወገን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ የረጅም መንገድ ሹፌር ነበር። ሁለት ዓመት ደም እያየ ለማንም አልተናገረም። ለራሱ «ኪንታሮት ነው፤ መቀመጥ ያመጣው ነው» ብሎ ፈርዶ ነበር። ቅጠል በጣጭ ዘንድ ሄዶ የሚቀባ ነገር ተሰጠው፤ ጥቂት ሲሻለው አመነ። በመጨረሻ ያወቀችው ሚስቱ ናት፤ ልብሱን ስታጥብ። ጠየቀችው፤ ተቆጣት። ሦስት ቀን አኮረፋት። በአራተኛው ቀን እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች፤ አስገድጄ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጣቱ ሲመረምረው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እጢው እዚያው፣ ጣት በሚደርስበት ቦታ ነበር። ሁለት ዓመት የተሸከመው ነገር በአንድ ደቂቃ ተገኘ። 44 ዓመቱ ነበር። አሁን በሕይወት አለ፤ ከሆዱ ጎን ዓይነ ምድር የሚቀበል ከረጢት ይዞ ነው የሚኖረው፤ መኪናውንም መልሶ ይነዳል። ግን የመጀመሪያው ወር ላይ ቢመጣ ኖሮ ከረጢቱ ላያስፈልገው ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮናል።

የእናትሽን ታሪክ ሳነብ ያዘንኩት ለዚህ ነው። በእሷ ላይ በሽታው ራሱ ተደበቀ፤ ወንድሜ ግን ደሙ እየታየው እሱ ነው የደበቀው። ወንዶች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ኪንታሮት መሆኑን የሚያውቀው የመረመረ ሰው ብቻ ነው።

ነጭ ጋዋን

ወንድሜ፣ ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንዶች ስለሚያፍሩ አይጠይቁትም። የወንድ የዳሌ አጥንት ክፍተት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና በወንድ ላይ ለቀዶ ሐኪሙ ይከብዳል፤ የተሰፋው አንጀት የማፍሰስ ዕድሉም ከሴቶች ከፍ ይላል። ለሽንትና ለግብረ ሥጋ የሚያገለግሉ ነርቮች በዚያው ያልፋሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለዚህ ነገር ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሚስትም አብራ ብትሰማው መልካም ነው።

አዛውንቱ ከደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣ ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ያውርድ። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ይህ በሽታ ሥጋ በየቀኑ የሚበላ፣ የታሸገ ምግብ የሚበላ የፈረንጅ በሽታ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ጤፍ ራሱ ብረት አለው፤ በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን እንጾማለን፤ ጎመንና ሽሮ ነው የምንበላው። እንዴት ሆኖ ነው እኛ ዘንድ የሚበዛው?

ላብራቶሪ ክፍል

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በአፍሪካ የሠራው ሐኪም ዴኒስ በርኪትም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ነበረው፤ አሰር (ፋይበር) የበዛበት ምግብ የሚበላ ሕዝብ በዚህ ካንሰር ብዙም አይያዝም ብሎ ጽፏል። አሰር እንደሚጠቅም እስካሁን ይታመንበታል። ግን ሙሉ ጥበቃ አይሰጥም፤ የከተማው አኗኗርም እርስዎ ልጅ ሳሉ የነበረው አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካንሰር መዝገብ ይያዛል፤ በወንዶች ላይ ከሚመዘገቡት ካንሰሮች መካከል የአንጀት ካንሰር ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ቁርጥ፣ አረቄና ሲጋራ በወንዱ በኩል እንደሚበዙ እርስዎም ያውቃሉ። ቀይ ሥጋ፣ አልኮልና ትምባሆ ሦስቱም ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የወንዶች ቁጥር ከሚበልጥባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ስለ ጤፍ ብረት ደግሞ፦ በልኬት ከፍ ብሎ የሚታየው በከፊል በአውድማ ላይ ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር ነው። ያን ብረት ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይም ብረትን ይይዛል። «ጤፍ እየበላሁ ደም አያንሰኝም» ማለት አይቻልም።

ጽጌ ከስቶክሆልም

እዚህ ስዊድን የዓይነ ምድር መመርመሪያ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ይልካሉ፤ ከ60 እስከ 74 ዓመት ላለው ሰው ሁሉ። እናቴ ዘንድ ሲመጣ ወረቀቱን የተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩን አጥብቄ ጠይቄ ነበር። ምርመራው በዓይን የማይታየውን የሰው ደም ይለካል። የተረዳሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል፦ በስቶክሆልም ለወንድና ለሴት የተለያየ መነሻ ነው ያወጡት። ወንድ ለኮሎኖስኮፒ የሚጠራው ልኬቱ 80 ሲደርስ ነበር፤ ሴት ግን 40 ላይ። ምክንያቱም ምርመራው በሴቶች ላይ ካንሰርን የማግኘት ኃይሉ ዝቅ ይላል፤ በወንድ መለኪያ ብትለካ «ደህና ነሽ» ተብላ የምትመለስ ታማሚ ትኖራለች። ፊንላንድም ስትጀምር እንዲሁ ለየብቻ አድርጋው ነበር፤ 25 ለሴት፣ 70 ለወንድ።

ኖርዌይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከ50 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ጠርተው የግራውን ክፍል ብቻ በሚያሳየው አጭር መሣሪያ መረመሯቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲቆጠር በተጠሩት ወንዶች ላይ በሽታው በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በሴቶቹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ነጭ ጋዋን ስለ ቀኙ ክፍል የጻፉትን ሳነብ ወዲያው ይህ ትዝ አለኝ።

የሽሮሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ አሁንም ተኝታለች። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን «ሴትን የሚጠብቃት ሆርሞኗ ነው፤ ካረጠች በኋላ የሆርሞን መድኃኒት ብትወስድ አትታመምም ነበር» አለችኝ። እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ኬሞቴራፒ ትጀምራለች ተብሏል፤ ምን ልጠብቅ?

ነጭ ጋዋን

የጎረቤትሽ ነገር ከእውነት ተነሥቶ ወደ ስሕተት የሄደ ነው። ሴቶች ከማረጣቸው በፊት ከወንዶች ያነሰ የሚታመሙት በከፊል በሆርሞናቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ካረጡ በኋላ ጥቂት ዓመታት ዘግይተው ወንዶቹን ይከተላሉ። አሜሪካ ውስጥ 16,608 ያረጡ ሴቶች የገቡበት ትልቅ ጥናት ነበር። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ከወሰዱት 43ቱ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 72ቱ በአንጀት ካንሰር ታመሙ። ይህን ብቻ ብትሰሚ ነገ መግዛት ይቃጣሻል። ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የታመሙት ሲገኙ በሽታው ርቆ ሄዶ ነበር፤ የጡት ካንሰርና የአንጎል የደም ሥር አደጋም ስለጨመረ ጥናቱ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደረገ። መድኃኒቱ ለካንሰር መከላከያ ተብሎ አይሰጥም።

ስለ ኬሞቴራፒው፦ ፍሎሮዩራሲል የሚባለው መድኃኒት ካለበት፣ የሴት ሰውነት በአማካይ ከወንድ ዘግይቶ ነው የሚያስወግደው። ስለዚህ የአፍ መቁሰል፣ ተቅማጥና የነጭ ደም ሕዋስ መውረድ በሴቶች ላይ ይበረታል። «ሁሉም ይታመማል፤ ትቻለው» እንዳትዪ። አፏ ሲቆስል፣ ምግብ ሲያቅታት፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ሲያስቀምጣት፣ ትኩሳት ሲይዛት በዚያው ቀን ደውዪ። መጠኑን መቀነስ ይቻላል። እናቶች ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ይደብቃሉ፤ አፏን ራስሽ በባትሪ እያየሽ።

የሀይፋው

እኛ እስራኤል ውስጥ ነን። እዚህ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለው ሰው ምርመራው በየዓመቱ በኩፓት ሖሊም (በጤና መድን ድርጅቶቹ) በነጻ ይሰጣል። እናቴ ዕቃውን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ነበር፤ «ዓይነ ምድሬን ለሰው ልሰጥ?» አለች። እኔ ወንድ ልጇ ስለሆንኩ ከእኔ ጋር መነጋገሩን አልወደደችም። በመጨረሻ እህቴ ናት አብራት መታጠቢያ ቤት ገብታ ያሳየቻት። ኮሎኖስኮፒው ሲታዘዝም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የምትመረምረኝ ሴት ትሁን።» ጠየቅን፤ ሴት ሐኪም ተገኘች። መጠየቅ እንደሚቻል የማያውቁ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የዘር ሐረግ

የሽሮሜዳዋ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ጽሑፍሽ ላይ አንድ መስመር አልፏል። «የእናቴ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ ነው በ47 ዓመቱ ያረፈው» ብለሻል። የዘረመል ምርመራ በሚሠራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በ1895 እ.ኤ.አ. ሚቺጋን ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን ለተባለ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና የሚመረምር) ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ «ቤተሰቤ ሁሉ በአንጀት ወይም በሴቶች ብልት ካንሰር ይሞታል፤ እኔም እንደዚያው እሞታለሁ» አለችው። ገና ወጣትና ጤነኛ ነበረች። እንዳለችውም በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቧን ታሪክ በ1913 አሳተመ። ዛሬ ሊንች ሲንድሮም የሚባለው፣ በዘር የሚወረሰው የካንሰር ተጋላጭነት ይህ ነው። ከወላጅ አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንዶቹ ዘንድ በብዛት በአንጀት ይመጣል፤ ሴቶቹ ዘንድ ግን ከአንጀት ሌላ በማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከአንጀት ቀድሞ። ለዚህ ነው ቤተሰብ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው፤ አጎት «በአንጀት»፣ አያት «በማሕፀን» ሞተች ይባላል እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያያይዛቸው አይኖርም።

እናትሽ አለባት እያልኩሽ አይደለም። ግን ሦስት ነገር አድርጊ። ስትነቃ ስለ እናቷና ስለ አክስቶቿ ጠይቂያት። የተቆረጠው ናሙና በሰም ተከትቶ ስለሚቀመጥ እንዳይጣል ለፓቶሎጂ ክፍሉ ንገሪ፤ ምርመራው በእሱ ላይ ሊሠራ ይችላል። ቤተሰቡ ውስጥ መኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ከአንቺና ከወንድም እህቶችሽ መካከል የወረሰው ሰው ኮሎኖስኮፒ መጀመር ያለበት በ50 ዓመቱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ገና በሃያዎቹ ነው፤ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ።

የሽሮሜዳዋ

ነቅታለች። ትራሷን ከፍ አድርጌ ጠየቅኳት። አያቴን አላውቃትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፈችው። በቤታችን «በወሊድ ጣጣ ሞተች» ነበር የሚባለው። እማዬ ጥቂት ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦ «ወልዳ ካቆመች ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ደም የጀመራት። እኔ ነበርኩ ጨርቋን የማጥብላት። ለወንዶቹ እንዳልናገር አስምላኛለች።» ይህን ለ40 ዓመት ይዛው ኖራለች።

ከዚያ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ወረድኩ። ሠራተኛው መዝገቡን አውጥቶ ናሙናው መኖሩን አሳየኝ፤ ቁጥሩን በደብተሬ ጻፍኩት። ታናሽ እህቴ ዱባይ ናት፤ 34 ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ደም አንሶሻል ተብላ እንክብል ጀምራ ነበር። ከሥራ የምትወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አሁን ሁለት ከሩብ ሆኗል። ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።